የእጅ ሥራና የቆዩ ዕቃዎች የኢንተርኔት ሽያጭ በዋግ ኽምራ

የእጅ ሥራና የቆዩ ዕቃዎች የኢንተርኔት ሽያጭ ማለት በእጅ የተሠሩ ወይም ዕድሜ ያስቆጠሩ ዕቃዎችን በድረ ገጽ፣ በማኅበራዊ ሚዲያ ወይም በስልክ መተግበሪያ አማካይነት ለገዢ አቅርቦ መሸጥ ነው። ይህ ጽሑፍ ንግዱ በአማራ ክልል በዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር፣ በተለይም በሰቆጣ ከተማና በዙሪያዋ ካለው ሁኔታ አንጻር እንዴት እንደሚጀመር ይገልጻል። ጀማሪ ሻጭ አስቀድሞ መመለስ ያለበት ሦስት ጥያቄዎችን ነው፦ ዕቃውን ማን ሠራው? ዕድሜው ስንት ነው? የማን ንብረት ነው? እነዚህ ጥያቄዎች ዕቃው በሕግ ሊሸጥ መቻሉን፣ ዋጋውንና የገዢውን እምነት አንድ ላይ ይወስናሉ።

ትርጉም

የእጅ ሥራ የሚባለው ባለሙያው በራሱ እጅ ወይም በቀላል መሣሪያ የሠራው ዕቃ ነው። መሶብ፣ ሙዳይ፣ ጋቢ፣ ጀበናና የቆዳ ውጤቶች በዚህ ይመደባሉ። የቆየ ዕቃ ደግሞ የተሠራበት ዘመን መልክ ያለውና በዚያም ምክንያት የሚፈለግ ያገለገለ ዕቃ ነው። የእጅ ሥራ በመሸጥ የሚታወቀው ኤትሲ የተባለው የአሜሪካ ድረ ገጽ አንድን ዕቃ «የቆየ» ብሎ የሚቀበለው ቢያንስ 20 ዓመት ከሞላው ነው። በዚህ ስሌት በ2018 ዓ.ም. አንድ ዕቃ የቆየ ለመባል በ1998 ዓ.ም. ወይም ከዚያ በፊት የተሠራ መሆን አለበት። ከ100 ዓመት በላይ የሆነው በዓለም ገበያ በተለምዶ አንቲክ ይባላል።

የቆየ ዕቃ ከሁለት ሌሎች ነገሮች ይለያል። አንደኛው ሰልባጅ ነው። ሰልባጅ የሚሸጠው በርካሽነቱ እንጂ በዘመኑ አይደለም። ሁለተኛው ቅርስ ነው። ቅርስ በሕግ የሚጠበቅ በመሆኑ እንደ ማንኛውም ዕቃ ወደ ገበያ አይወጣም።

ታሪክ

በኢንተርኔት ያገለገሉ ዕቃዎችን በጨረታ መሸጥ በስፋት የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1995 ኢቤይ ከተመሠረተ በኋላ ነው። ኤትሲ እ.ኤ.አ. በ2005 በኒው ዮርክ ተመሥርቶ የእጅ ሥራን፣ የቆየ ዕቃንና የእጅ ሥራ ግብዓትን ለብቻው የሚያቀርብ ገበያ ሆነ።

በኢትዮጵያ የእጅ ሥራን ለውጭ ገዢ በማቅረብ ከታወቁት ድርጅቶች መካከል ሶልሬብልስ እና ሳባሃር ይገኙበታል። ሶልሬብልስን በ1997 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዘነበወርቅ አካባቢ የመሠረተችው ቤተልሔም ጥላሁን ስትሆን፣ ጫማዎቹ የተነሡት ከአሮጌ ጎማ ከሚሠራው በርባሶ ነው። ሳባሃር እ.ኤ.አ. በ2004 በካቲ ማርሻል ተመሥርቶ በእጅ የተሸመነ የሐርና የጥጥ ጨርቅ ያመርታል። ሁለቱም ድርጅቶች የተለመደውን የአገር ሙያ ይዘው፣ ዕቃው እንዴትና በማን እንደተሠራ ለገዢው በመንገር የራሳቸውን ስም ተክለዋል።

ሰቆጣ ራሷ ለሩቅ ንግድ እንግዳ አይደለችም። የዋግ ሹሞች መቀመጫ የነበረችው ይህች ከተማ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከአፋር ዝቅተኛ ምድር የሚመጣው አሞሌ ጨው ከሚገበያይባቸው ቦታዎች አንዷ ነበረች። አሞሌ ከተቆረጠበት ቦታ በራቀ ቁጥር ዋጋው ይጨምር ነበር። በየቤቱ የሚሰፋ ሙዳይም በመንደሩ ብዙ ዋጋ የማያወጣው ሁሉም ሴት ስለምትሰፋው ነው፤ ሩቅ ላለ ገዢ ግን ብርቅ ነው። የኢንተርኔት ሻጭ ሥራ ይህን ርቀት ማገናኘት ነው።

የሚሸጡ የእጅ ሥራዎች

በሰሜን ኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች በቤት ውስጥ ከሚሠሩት መካከል የሚከተሉት ለኢንተርኔት ገበያ ይሆናሉ፦

ስፌት፦ ከአክርማና ከስንደዶ በወስፌ የሚሰፋ ሲሆን መሶብ፣ ሌማት፣ ሙዳይ፣ አገልግልና ሰፌድ ይገኙበታል። ቀለም የተነከረው ስንደዶ አለላ ይባላል። ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ትንሽ ሰፌድና ሙዳይ ለመላክ ቀላል ስለሆኑ ለጀማሪ ይመረጣሉ።

ሽመና፦ ከጥጥ የሚፈተል ጋቢ፣ ነጠላና ኩታ፣ ከበግ ጸጉር ደግሞ ባናና ምንጣፍ ይሠራል።

ሸክላ፦ ጀበና፣ ድስትና ማጨሻ። ክብደት ያለውና ተሰባሪ በመሆኑ በቅርብ ላለ ገዢ ይሻላል።

ቆዳ፦ ስልቻ፣ አቅማዳና የመኝታ ቁርበት። በሚገባ ያልለፋ ቆዳ ወደ ብዙ አገሮች ያለ እንስሳት ጤና ማረጋገጫ አይገባም።

ሰቆጣ የምትታወቅበት ነጭ ማርም በስልክ ትእዛዝ ሊሸጥ ይችላል። ነገር ግን ምግብ በመሆኑ ወደ ውጭ ለመላክ የሚጠየቀው የጤናና የጥራት ሰነድ ከእጅ ሥራ የተለየ ነው። ስለዚህ ጀማሪ ሻጭ ማሩን ለአገር ውስጥ ገዢ መያዙ ይቀለዋል።

የቆየ ዕቃና ቅርስ

ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል። ስለዚህ «አሮጌ ነው» የሚለው ቃል የውጭ ገዢን ቢስብም ሻጩን በሕግ ሊያስጠይቀው ይችላል። ከሚከተሉት ዕቃዎች አንዱ በእጁ የገባ ሰው ፎቶግራፍ አንሥቶ ከመለጠፉ በፊት የወረዳውን ወይም የዞኑን የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት መጠየቅ አለበት፦ የብራና መጽሐፍ ወይም ከመጽሐፍ የወጣ ቅጠል፣ የብራና ክታብ፣ ሥዕለ ማርያምና ሌላ ቅዱሳት ሥዕል፣ የቤተ ክርስቲያን መስቀልና ጽና፣ የጥንት የጦር መሣሪያና ከመቃብር የወጣ ማንኛውም ነገር።

ጉዳዩ ለዋግ ኽምራ የሩቅ አይደለም። ከሰቆጣ ብዙ ሳይርቅ የሚገኘው ውቅር መስቀለ ክርስቶስ ከአለት የተፈለፈለ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ነው። በአጎራባቹ ላስታ ደግሞ «አፍሮ አይገባ» የተባለው የላሊበላ የወርቅ መስቀል በ1989 ዓ.ም. ተሰርቆ ቤልጂግ ውስጥ በአንድ ሰብሳቢ እጅ ከተገኘ በኋላ ወደ ቦታው ተመልሷል። በሰኔ 2013 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር አንድ አጫራች ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1868 ከመቅደላ የተወሰዱ ዕቃዎችን ለሽያጭ አቅርቦ ነበር። የኢትዮጵያ ኤምባሲ በመጠየቁ ዕቃዎቹ ከጨረታው ወጥተው ሽኸረዛድ የተባለ በጎ አድራጊ ድርጅት ገዝቶ ለኢትዮጵያ አስረክቧቸዋል። ከአንድ ቤተ ክርስቲያን የወጣ መስቀል አንዴ ከተሸጠ እሱን ለማስመለስ አገር ጭምር ዓመታት ሊደክም ይችላል።

ቅርስ ያልሆነ የቆየ ዕቃም ቢሆን ማስረጃ ይፈልጋል። ለምሳሌ በአንገት ጌጥ ላይ ተሰክቶ የሚገኘው ማርትሬዛ ብር ሁልጊዜ 1780 የሚል ዓመት አለበት። ይህ ንግሥቲቱ የሞተችበት ዓመት ሲሆን፣ ሳንቲሙ ከዚያ በኋላም ለረዥም ዘመን በተለያዩ አገሮች በዚሁ ዓመት እየተመታ ወጥቷል። ስለዚህ በሳንቲሙ ላይ 1780 መጻፉ ብቻ የሳንቲሙን ዕድሜ አያሳይም። ሻጩ የማያውቀውን ዕድሜ ከመገመት ይልቅ «ከአያቴ የተወረሰ፣ በቤታችን ከ40 ዓመት በላይ የቆየ» ብሎ የሚያውቀውን ቢጽፍ ይበቃል። አዲስ ዕቃን በጭስ ወይም በአፈር አስረጅቶ «ጥንታዊ» ማለት ግን ማታለል ነው።

የመሸጫ ቦታ

የአገር ውስጥ ሽያጭ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀመረው በቴሌግራም ቻናል፣ በፌስቡክ ገጽ ወይም በቲክቶክ ነው። ገጽ ለመክፈት ክፍያ የለውም። ገዢው በመልእክት ያዝዛል፣ በስልክ ይከፍላል፣ ዕቃው በአውቶቡስ ወይም በፖስታ ይደርሰዋል። ከሰቆጣ አዲስ አበባ 700 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለምትርቅ፣ በአዲስ አበባ ዕቃ ተቀብሎ የሚያስረክብ ዘመድ ወይም ወዳጅ ያለው ሻጭ ትልቅ ጥቅም አለው።

ወደ ውጭ ለመሸጥ ሁለት መንገዶች የተለመዱ ናቸው። የመጀመሪያው በዓለም አቀፍ ድረ ገጽ መደብር መክፈት ነው። እንደ ኤትሲ ያሉ ድረ ገጾች የራሳቸው የክፍያ ሥርዓት ስላላቸው፣ ሥርዓቱ በማያገለግለው አገር የሚኖር ሰው መደብር መክፈት ይቸግረዋል። በመሆኑም ፎቶግራፍ ከማንሣት በፊት የአገሮቹን ዝርዝር ማየት ይገባል። ሁለተኛው መንገድ በውጭ አገር ከሚኖር ዘመድ ጋር መሥራት ነው። ዘመዱ መደብሩን በራሱ ስም ይከፍታል፣ ዕቃውን በጅምላ ይቀበላል፣ በዚያው አገር ለገዢ ይልካል። በዚህ ጊዜ በሕግ ፊት ሻጩ ዘመዱ ስለሆነ ግብሩም የመመለስ ኃላፊነቱም የእሱ ነው። ድርሻው ምን ያህል እንደሆነ ከመጀመሪያው በጽሑፍ ካልተቀመጠ፣ ገበያው ሲደራ ጠብ ይመጣል።

ኤትሲ ከ2016 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ሻጩ ዕቃውን ራሱ የሠራው፣ ራሱ የነደፈው፣ ከቆዩ ዕቃዎች መርጦ ያቀረበው ወይም ግብዓት አድርጎ ያመጣው መሆኑን እንዲገልጽ ይጠይቃል። የእናቱን ወይም የጎረቤቱን ስፌት የሚሸጥ ወጣት «እኔ ሠራሁት» ማለት የለበትም።

ፎቶግራፍና መግለጫ

ገዢው ዕቃውን መዳሰስ ስለማይችል ፎቶግራፉና መግለጫው የእጁን ቦታ ይይዛሉ። ለፎቶግራፍ ተራ የእጅ ስልክ ይበቃል። ፀሐይ በቀጥታ በማያርፍበት ጥላ ሥር፣ ከኋላ አንድ ቀለም ያለው ነጠላ ወይም ግድግዳ አድርጎ ማንሣት ጥሩ ነው። ቢያንስ አምስት ፎቶግራፎች ያስፈልጋሉ፦ ከፊት፣ ከጀርባ፣ ከውስጥ፣ ከቅርብ ስፌቱን ወይም ሽመናውን የሚያሳይ፣ መጠኑ እንዲታወቅም ከሰው እጅ ጋር። ጉድለት ካለ ለብቻው ይነሣል። ጉድለቱን አስቀድሞ ያሳየ ሻጭ ዕቃው ተመልሶ እንዳይመጣበት ይጠበቃል።

መግለጫው አጭርና የተሟላ ይሆናል። ለምሳሌ ያህል፦

«ክዳን ያለው ሙዳይ። ከአክርማና ከስንደዶ በእጅ የተሰፋ፣ አዲስ። ወርድ 18 ሴ.ሜ፣ ቁመት ከነክዳኑ 15 ሴ.ሜ። ቀለሙ ቀይ፣ አረንጓዴና ነጭ፤ የገበያ ቀለም የተነከረ። በሰቆጣ ዙሪያ በምትኖር ባለሙያ የተሰፋ። ለጌጥና ለደረቅ ነገር ማስቀመጫ እንጂ ለውኃ አይሆንም።»

የባለሙያዋ ስምና ፎቶግራፍ የሚወጣው ፈቃዷ ሲገኝ ብቻ ነው። ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. ያወጣችው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ሰዎች በግል መረጃቸው ላይ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ከሕጉም ባሻገር፣ ድህነትን አጉልቶ የገዢን ሐዘኔታ የሚፈልግ ፎቶግራፍ ባለሙያዋን ያሳንሳታል። በኢትዮጵያ ባለ እጅ ለረዥም ዘመን ሲናቅ ኖሯል። አፄ ምኒልክ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ባለ እጆችን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማውጣት ደርሰዋል። ሙያዋ ጎልቶ የሚታይበት ፎቶግራፍ ዕቃውንም እሷንም ያስከብራል።

ዋጋ

የተለመደው ስሕተት የመንደሩን ገበያ ዋጋ ወስዶ ጥቂት መጨመር ነው። ትክክለኛው ዋጋ ከአራት ነገሮች ይሰበሰባል፦ ከግብዓት፣ ከሥራ ሰዓት፣ ከማሸጊያና ከመላኪያ፣ እንዲሁም ከድረ ገጹና ከክፍያ አስተላላፊው ክፍያ። ስፌት የሚሰፋው በቤት ሥራ መካከል በትርፍ ሰዓት ስለሆነ ባለሙያዋ የፈጀባትን ጊዜ ላታውቀው ትችላለች። አንድ ዕቃ እስኪያልቅ ድረስ ሰዓቱን መዝግቦ መያዝ ለቀጣዮቹ ሁሉ መነሻ ይሆናል።

የድረ ገጹን ክፍያ በምሳሌ ማየት ይቻላል። ኤትሲ ለአንድ ዕቃ ማውጫ 0.20 የአሜሪካ ዶላር፣ ሲሸጥ ደግሞ የመላኪያውን ጨምሮ ከጠቅላላው 6.5 በመቶ ይወስዳል። አንድ ሰፌድ በ50 ዶላር ቢሸጥና መላኪያው 30 ዶላር ቢሆን ገዢው 80 ዶላር ይከፍላል። ከዚህ ላይ 5.20 ዶላር የሽያጭ፣ 0.20 ዶላር የማውጫ፣ 30 ዶላር የመላኪያ ሲቀነስ 44.60 ዶላር ይቀራል። የክፍያ ማስተላለፊያውም ከዚሁ ይነሣል። የብር ምንዛሪ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ስለተደረገ፣ በዶላር የሚሸጥ ሰው ለባለሙያዋ የሚሰጠውን የብር ዋጋ በየጊዜው ማስተካከል ይኖርበታል።

ክፍያ

በአገር ውስጥ ሻጮች የባንክ ዝውውርንና በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውን ቴሌብርን ይጠቀማሉ። የታወቀው ማጭበርበር ገዢው «ከፍያለሁ» ብሎ የተቀነባበረ የደረሰኝ ምስል ወይም የሐሰት መልእክት መላኩ ነው። ስለዚህ ዕቃው የሚላከው የራስን ሒሳብ ከፍቶ ገንዘቡ መግባቱን ካዩ በኋላ ብቻ ነው። የይለፍ ቁጥር ወይም በስልክ የመጣ የማረጋገጫ ኮድ ለማንም አይነገርም። ከዋጋው በላይ ልኮ «ትርፉን መልስልኝ» የሚል የማይታወቅ ገዢም አጭበርባሪ ሊሆን ይችላል።

ማሸግና መላክ

የኢትዮጵያ ፖስታ በ1886 ዓ.ም. የተመሠረተ ሲሆን በፈጣን መልእክት አገልግሎቱም ጥቅል ወደ ውጭ ይልካል። በዓለም አቀፍ ፖስታ ትንሽ ጥቅል የሚባለው እስከ 2 ኪሎ ግራም ያለው ነው። በጥቅሉ ላይ የሚሞላው የጉምሩክ ቅጽ የዕቃውን ዓይነት፣ ክብደትና እውነተኛ ዋጋ ይጠይቃል። ገዢው ቀረጥ እንዲቀንስለት ብሎ «ስጦታ ነው በል» ቢል መቀበል አይገባም፤ ዕቃው ቢጠፋ ካሣው የሚታሰበው በተጻፈው ዋጋ ነው።

የግል አድራሽ ኩባንያዎች ከክብደት ሌላ የጥቅሉን ስፋት ያሰላሉ። የተለመደው ስሌት ርዝመት፣ ወርድና ቁመት በሴንቲ ሜትር ተባዝተው ለ5,000 ይካፈላሉ። በ50 በ50 በ60 ሣጥን የገባ መሶብ ክብደቱ ጥቂት ኪሎ ቢሆንም የሚከፈልበት እንደ 30 ኪሎ ነው። በ40 በ40 በ6 ሣጥን የገባ ሰፌድ ግን 2 ኪሎ አይሞላም። ብዙ ጀማሪዎች ያማረውን ትልቅ መሶብ አስቀድመው ለጥፈው የሚከስሩት ይህን ሳያሰሉ በመቅረታቸው ነው።

የሣር ሥራ ከመታሸጉ በፊት በሚገባ መድረቅ፣ ከአፈር፣ ከዘርና ከነፍሳት መጽዳት አለበት፤ አለዚያ በተቀባይ አገር የእፅዋት ቁጥጥር ሊያዝ ይችላል። ጀበና አንገቱና ጡቱ ለብቻ ተጠቅልሎ በሁለት ሣጥን ይታሸጋል። አሜሪካ እስከ 800 ዶላር ለሚያወጡ ጥቅሎች ትሰጠው የነበረው ከቀረጥ ነጻ መብት ከነሐሴ 23 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ቀርቷል። የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2021 ጀምሮ ዋጋቸው ትንሽ በሆነ ጥቅሎች ላይ ሳይቀር የተጨማሪ እሴት ታክስ ያስከፍላል። ገዢው ይህን አስቀድሞ ካላወቀ ጥቅሉን ሳይቀበል ሊመልሰው ይችላል።

ሕግና ምዝገባ

የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 በኤሌክትሮኒክ መልእክት ለሚደረግ ውል ሕጋዊ ዕውቅና ይሰጣል። በመሆኑም በቴሌግራም የተስማሙበት ዋጋና ቀን ማስረጃ ሊሆን ስለሚችል ንግግሩን አለማጥፋት ይጠቅማል። ንግድን ሥራዬ ብሎ የያዘ ሰው በንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 መሠረት መመዝገብና ፈቃድ ማውጣት አለበት፤ መረጃው ከወረዳው የንግድ ጽሕፈት ቤት ይገኛል። በማኅበር የተደራጁ ባለሙያዎች ፎቶግራፍ፣ ማሸጊያና መላኪያን በጋራ ስለሚሸፍኑ ወጪያቸው ይቀንሳል።

ችግሮች

ዋናው ችግር የመስመር መቋረጥ ነው። የሰሜኑ ጦርነት ወደ ዋግ ኽምራ ዘልቆ ብዙ ነዋሪዎችን አፈናቅሏል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮም በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ ለገዢ መልስ የማይሰጥ መደብር ደረጃው ይወርዳል፣ ደንበኛውም ይሄዳል። ለዚህ የሚደረገው ጥንቃቄ የገጹን አስተዳደር በሌላ ከተማ ካለ ታማኝ ሰው ጋር መጋራት፣ ጥቂት የተዘጋጀ ዕቃ በአዲስ አበባ ወይም በባሕር ዳር ማስቀመጥና «በ3 ቀን ይደርሳል» ከማለት ይልቅ ረዘም ያለ ቀን መስጠት ነው።

ሁለተኛው ችግር በፋብሪካ የሚመረት አስመሳይ ነው። በማሽን የታተመ የጥበብ ጨርቅ በእጅ ከተሸመነው በጣም ይረክሳል። ባለ እጁ በዋጋ ሊወዳደረው ስለማይችል፣ የሥራውን ሒደት በቪዲዮ ማሳየት የተሻለ መከላከያው ነው።

ሦስተኛው የድርሻ ጉዳይ ነው። በገጠር ያለች ባለሙያ ስልክና ቋንቋ ያለውን አገናኝ ታምናለች፤ ዕቃዋ በስንት እንደተሸጠ ግን ላታውቅ ትችላለች። የግብዓቱንና የሥራዋን ዋጋ ዕቃውን ሲወስድ የሚከፍል፣ የተሸጠበትንም የሚያሳያት አገናኝ በሚቀጥለው ጊዜ የተሻለውን ስፌት ያገኛል።

አጀማመር

በእነዚህ ምክንያቶች ለጀማሪ የሚመከረው ቅደም ተከተል ከሚታሰበው ተቃራኒ ነው። ገጽ መክፈት የመጨረሻው እንጂ የመጀመሪያው ሥራ አይደለም። አስቀድሞ አንድ ዓይነት ትንሽ ዕቃ ይመረጣል፣ ሠሪውና ባለቤቱ ይታወቃል፣ ቅርስ አለመሆኑ ይጣራል። ከዚያ በሣጥን ታሽጎ ይለካል፣ ይመዘናል፣ የመላኪያው ዋጋ ይጠየቃል። በመቀጠል አንድ ሙከራ ለሚያውቁት ሰው ይላክና በስንት ቀን፣ በምን ሁኔታ እንደደረሰ ይታያል። ይህ ከተሳካ አሥር የማይሞሉ ዕቃዎች በፎቶግራፍና በሙሉ መግለጫ ይወጣሉ። የእጅ ሥራ በአንድ ቀን ስለማይደርስ፣ ባለሙያዋ በወር መስፋት ከምትችለው በላይ ትእዛዝ አለመቀበልም የዚሁ ሥራ አካል ነው።